የውሃ ተራና የቦይ ጠረጋ በአንድ መዝገብ

ቦዩ አናት ላይ ያለ አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ሽንኩርት 3 ሰዓት ውሃ ይጠጣል። ጭራ ላይ ያለውም አንድ ቃዳ 3 ሰዓት ይጠጣል። መዝገብ ላይ እኩል ናቸው። ማሳው ላይ ሲኬድ ግን የላይኛው እስከ ትልሙ ጫፍ ረጥቧል፤ የታችኛው ውሃው ግማሽ ትልም ሳይሄድ ተራው አልፏል። የታችኛው ሰው «ተበደልኩ» ሲል የውሃ አባቱ (ተራውን የሚያከፋፍለው ሰው) መዝገቡን ገልጦ ሰዓቱን ያሳየዋል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከጮቄ በሚወርዱት በእነ ጨሞጋና ሙጋ ገባሮችም ሆነ በሌላው የጎጃም ጅረት ላይ፣ በአፈር ቦይ የሚጠጣ ማሳ ባለበት ሁሉ ይህ ክርክር አይጠፋም።

የሚከፋፈለው ውሃው ነው፤ ሰዓቱ ቁና ነው። ቁናው ደግሞ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይጎድላል። ስለዚህ ተራ ከማውጣት በፊት ቁናውን ማወቅ ይቀድማል።

ለስሌት እንዲመች አንድ ቦይ እናስብ። ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር፣ ሙሉው አፈር፣ የሚያጠጣው 48 ቃዳ (4 ቃዳ 1 ሄክታር ነውና 12 ሄክታር)፣ ተጠቃሚው 24 ቤት። ማሳው ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው ተብሎ ለሦስት ይከፈል፤ በእያንዳንዱ ክፍል 16 ቃዳና 1,000 ሜትር ቦይ አለ። ቁጥሩን እንዳለ አትውሰዱት፤ አሠራሩን ወስዳችሁ የራሳችሁን ቦይ ለኩ።

ልኬቱ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም። ቦዩ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት 10 ሜትር ፈልጉና በሁለቱም ጫፍ ችካል ትከሉ። የውሃውን ስፋትና ጥልቀት ሦስት ቦታ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። ከላይኛው ችካል 2 ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ሎሚ ጣሉ፤ ሎሚው የመጀመሪያውን ችካል ሲያልፍ የስልኩን ሰዓት አስነሡ፣ ሁለተኛውን ሲያልፍ አቁሙ። ቅጠል ወይም ገለባ አይሆንም፤ ነፋስ ይገፋዋል። ሎሚ አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሰጥም ከውሃው ጋር እኩል ይሄዳል። አምስት ጊዜ ደጋግሙት፤ ዳር ላይ የተጣበቀውን ዙር አትቁጠሩ።

ስፋቱ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የውሃው ቁርጥ ገጽ (ስፋቱ በጥልቀቱ ሲባዛ) 0.075 ካሬ ሜትር ነው። ሎሚው 10 ሜትሩን በ40 ሰከንድ ከሄደ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.25 ሜትር ይሆናል። ላይ ላዩ ከሥሩ ስለሚፈጥን ይህ በ0.8 ይባዛል፤ ሣርና ድንጋይ የበዛበት ቦይ ከሆነ በ0.7 ወይም ከዚያ ባነሰ። 0.25 በ0.8 ሲባዛ 0.2፣ ያም በ0.075 ሲባዛ 0.015 ይመጣል፤ በሰከንድ 15 ሊትር ማለት ነው። ይህንኑ በአንድ ጠዋት በሦስቱም ክፍሎች መካከል ላይ ለኩ። ላይኛው ክፍል 15፣ መካከለኛው 12.5፣ ታችኛው 10 ሊትር ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። የአፈር ቦይ ይጠጣል፣ በአይጥ ጉድጓድ ይሾልካል፣ ያልተደፈነ የማሳ አፍም ያንጠባጥባል።

በሰከንድ 1 ሊትር በሰዓት 3.6 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ ላይኛው በሰዓት 54፣ መካከለኛው 45፣ ታችኛው 36 ሜትር ኩብ ያገኛል። ለሁሉም ቃዳ እኩል 3 ሰዓት ሲሰጥ ላይኛው 162፣ መካከለኛው 135፣ ታችኛው 108 ሜትር ኩብ ይወስዳል። የላይኛው ሰው የታችኛውን አንድ ተኩል እጥፍ ጠጣ ማለት ነው፤ ማንም ሳይሰርቅ።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ከየክፍሉ አንድ አንድ ቃዳ ስትወስዱ በመካከላቸው 9 ሰዓት አለ። ያንን 9 ሰዓት ሦስቱም እኩል ውሃ እንዲያገኙ አድርጋችሁ ስትከፍሉት ላይኛው 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ፣ መካከለኛው 2 ሰዓት ከ55 ደቂቃ፣ ታችኛው 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይደርሰዋል። ደምሩት፣ 9 ሰዓት ነው። እያንዳንዱ ቃዳ ወደ 131 ሜትር ኩብ ያገኛል፤ ማሳው ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ውሃ ማለት ነው። ማስተካከሉ በነፃ አይመጣም። ውሃው ረጅም መንገድ ለሚሄድበት ክፍል ብዙ ሰዓት ስለተሰጠ፣ በአንድ ዙር ማሳ ላይ የሚደርሰው ጠቅላላ ውሃ ከ6,480 ወደ 6,300 ሜትር ኩብ ይወርዳል። ከ100 3 እጅ እንኳ አይሞላም። በእኔ ግምት ርካሽ ነው፤ አንድ ሌሊት በአካፋ መፈናከት ከዚያ በላይ ያስከፍላል።

ላይኞቹ «መሬቴ ወንዝ አጠገብ ስለሆነ ለምን ሰዓቴ ይቆረጣል?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱ ከጠረጋው ጋር ስለሚያያዝ እዚያ እመለስበታለሁ።

ለ48 ቃዳ 144 ሰዓት፣ ማለትም ልክ 6 ቀን ሆነ። ብዙ ቦታ «እንግዲያው ሰባተኛዋን ቀን ጨምረን በሳምንት አንድ ዙር እናድርገው» ይባላል። ለማስታወስ ይመቻል፤ የእኔ ተራ ማክሰኞ ነው፣ የአንቺ ሐሙስ ነው እየተባለ። ክፋቱ ግን አንዴ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የደረሰው ሰው እስከ ሚያዝያ ድረስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተተክሎ መቅረቱ ነው። እሑድ የደረሰውም ሁልጊዜ እሑድ ነው። የሌሊት ውሃ ከቀን ውሃ እኩል አይደለም፤ በባትሪ ብርሃን ትልም አይታይም፣ ውሃው አንዱን መደብ አጥለቅልቆ ሌላውን ይዘላል፣ ሰውም ጋቢውን ተከናንቦ እንቅልፍ ይጥለዋል።

ስለዚህ ዙሩን 7 ቀን አታድርጉት፤ 6 ቀን ተኩል፣ ማለትም 156 ሰዓት አድርጉት። ከ144 የሚተርፈው 12 ሰዓት መጠባበቂያ ነው። መጀመሪያው ዙር ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከተጀመረ፣ ሁለተኛው እሑድ ምሽት 12 ሰዓት፣ ሦስተኛው እሑድ ጠዋት፣ አራተኛው ቅዳሜ ምሽት እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል። በዚህ ዙር ቀን ያጠጣ በሚቀጥለው ሌሊት ያጠጣል። 14 ዙር ሲሞላ 91 ቀን፣ ልክ 13 ሳምንት ይሆንና ተራው ወደ ተነሣበት ሰኞ ጠዋት ይመለሳል፤ ታኅሣሥ 1 ቢጀመር መጋቢት 2 ማለት ነው። በዚያ መካከል የእያንዳንዱ ቤት ተራ በሳምንቱ 14 ግማሽ ቀኖች ሁሉ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ይጀምራል። እሑድ ቀን አንዴ፣ እሑድ ሌሊት አንዴ። ከማንም አይበልጥም፣ ከማንም አያንስም።

በፑንጃብ፣ ከህንድም ከፓኪስታንም ወገን፣ ዋራባንዲ የሚሉት የውሃ ተራ በ7 ቀን፣ ማለትም በ168 ሰዓት ላይ የተመሠረተ ነው። እዚያም የሌሊቱ ነገር ስለሚያስቸግር አንዳንድ ቦታ ሰሌዳውን በዓመት አንድ ጊዜ በ12 ሰዓት ያዛውሩታል። የኛ ቦይ አጭር ስለሆነ ዓመት መጠበቅ አያስፈልገውም። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ደግሞ ጉዳዩን በግንባታ ነው የፈታው። ዋናው ቦይ ሌሊት የሚያመጣው ውሃ የሚጠራቀምባቸው የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎች አሉት፤ ገበሬው በቀን ከእነሱ ያጠጣል። 7,000 ሄክታር ያህል ለሚያለማ ግድብ ይህ ያዋጣል፤ ለ12 ሄክታር ግን ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

ቅደም ተከተሉን በዕጣ ማውጣት ፍትሕ ይመስላል። ነገር ግን ውሃውን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እያዘለለ ይገድለዋል። የኛ ቦይ ሲሞላ 225 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል (0.075 በ3,000)። በሰከንድ 15 ሊትር ባዶውን ለመሙላት 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ደረቁ አፈር የሚጠጣው ሳይቆጠር። ውሃው ከላይ ወደ ታች በማሳ ቅደም ተከተል ከሄደ ይህ ኪሳራ በዙር አንዴ ብቻ ነው። በዕጣ ቢዘል ግን በየሁለት ሦስት ተራው ከፊሉ ይደገማል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ለመሬቱ አቀማመጥ ተዉት፤ ዕጣ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው፣ ይመጣል።

ከመጨረሻው ሰው ወደ መጀመሪያው ሲዞር ሌላ ነገር አለ። ላይኛው አፉን ከፈተ ማለት ታችኛው ወዲያው ደረቀበት ማለት አይደለም፤ ቦይ ውስጥ የቀረው ውሃ እየቀነሰ ይወርድለታል። ላይ ከተዘጋ በኋላ ታች ለስንት ሰዓት እንደሚፈስ አንድ ጊዜ ለኩና ግማሹን ከመጨረሻው ማሳ ተራ ቀንሱ። ይህ ካልተደረገ የጭራው ጭራ ሳይታሰብ ከሁሉ በላይ ይጠጣል። ዋራባንዲዎቹም የመሙያውን ሰዓት ለሚሞላለት ሰው ይጨምራሉ፣ የተራፊውን ከመጨረሻው ላይ ይቀንሳሉ።

12 ሰዓቱ መጠባበቂያ እንዲህ ያልቃል፦ ለቦይ መሙያ 6 ሰዓት ያህል፣ የቀረው ለብልሽት። ቦይ ሲሰበር የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ኪሳራ የባለተራው ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከመጠባበቂያው ይካካስለታል። ሙሉ በሙሉ ቢካካስለት ቦዩን አይጠብቅም፤ ጭራሽ ባይካካስለት የላይኛው ሰው ያፈረሰውን እሱ ይከፍላል። ሳይነካ የተረፈ መጠባበቂያ ለታችኛው ክፍል በተራ ይሰጣል።

ርክክቡ መፈጸም ያለበት ቤት ውስጥ በስልክ ሳይሆን በማሳው አፍ ላይ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ25 ነው እንበል። ተረካቢው አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሩብ ሰዓት ቀድሞ ይመጣል። «አያ፣ ደረሰ» ይላል። ባለተራው ሰዓቱን ከስልኩ ያያል፣ ተረካቢውም ከራሱ ስልክ ያያል፤ ሁለቱ ከተለያዩ የውሃ አባቱ ስልክ ይዳኛል። ከዚያ አፉን የሚዘጋው ተረካቢው ነው፣ ባለተራው አይደለም። መጀመሪያ ጠፍጣፋ ድንጋዩን ያቆማል፣ ቀጥሎ ሥሩ ያልተበጠሰ ሣራማ አፈር በአካፋ ቆርጦ ሣሩን ወደ ውሃው አዙሮ ይደፍናል፣ በእግሩ ይረግጠዋል፣ ዳሩን በእጁ እየዳሰሰ የሚሾልክ እንዳለ ያያል። የራሱ ውሃ ስለሆነ አሳምሮ ይደፍናል። ባለተራው ቢዘጋው ግን ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ትቀራለች፤ ሆን ተብሎም ሳይሆን። ይህች ደንብ ብቻዋን የሦስት ጠባቂ ሥራ ትሠራለች።

የውሃ አባቱን ከጭራ ምረጡት። ማሳው አናት ላይ የሆነ ሰው ቦዩ መካከል ላይ ቢሰበር የሚነግረው ሰው ሳይመጣ አያውቅም። ማሳው ታች የሆነ ግን ውሃው ሲቀንስ እግሩ ራሱ ወደ ላይ ይወስደዋል። ድካሙ ከጠረጋ ነፃ በመሆን ይከፈለው። ትርፍ የውሃ ሰዓት አትስጡት፤ ሰዓት የሚያከፋፍል ሰው ደመወዙንም በሰዓት ራሱ ሲቆርስ በልኩ ይቆርሳል ብላችሁ አትጠብቁ።

በዓልን በተመለከተ ውሳኔው ኅዳር ላይ፣ የደብሩ ቄስ ባሉበት ይወሰን። እሑድ፣ 12፣ 21፣ 29 እና የደብሩ ታቦት ቀን ሁሉ ውሃው ይቁም ከተባለ ዙሩ ከ6 ቀን ተኩል ተነሥቶ ከ8 ቀን በላይ ያመልጣል፤ ስንዴ ይችለው ይሆናል፣ ሽንኩርት ግን መጋቢት ላይ ይጨንቀዋል። ውሃ መምራት ይፈቀድ፣ ቁፋሮና ኩትኳቶ ይከልከል የሚል ስምምነት ላይ ከተደረሰ ሰሌዳው ይድናል። የትኛውም ይሁን፣ ወቅቱ ከተጀመረ በኋላ አይነካ።

አሁን ጠረጋው። 3,000 ሜትሩን ለመጥረግ አንድ ሰው በቀን 25 ሜትር ደለል ያወጣል ብንል 120 የሰው ቀን ያስፈልጋል። እንዴት ይደልደል? «በምትጠቀምበት ልክ ጥረግ» የሚለው ስሌት አእምሮን ይማርካል። የላይኛውን 1,000 ሜትር ሁሉም ይጠቀምበታል፣ ስለዚህ ሁሉም ይጥረገው፤ መካከለኛውን 32ቱ ቃዳ፤ የታችኛውን 16ቱ ብቻ። ይህ ሲሰላ ላይኛው በቃዳ 0.83 ቀን፣ መካከለኛው 2.08፣ ታችኛው 4.58 ቀን ይሠራል። ጭራው ከአናቱ አምስት እጥፍ ተኩል ሠራ፤ ውሃው ግን ከሁሉ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ድልድል ከሁለት ዓመት በላይ አይቆይም፤ ታችኞቹ መምጣት ያቆማሉ።

ክረምት የወንዙን ጠለፋ (ውሃውን ወደ ቦዩ የሚመልሰውን የድንጋይ ክትር) ጠርጎ ሲወስደው ደግሞ መልሶ ለመገንባት የ24ቱም ቤት ጉልበት ያስፈልጋል፤ 8ቱ ላይኛ ቤቶች ብቻቸውን ድንጋዩን አያነሡትም። ለላይኛው ሰው መልሱ ይኸው ነው፦ 35 ደቂቃህን ስጥ፣ የታችኛው ጉልበት ጠለፋህ ላይ ይመጣል። ውሃው በቃዳ እኩል ከሆነ ጠረጋውም በቃዳ እኩል ይሁን፤ 2.5 የሰው ቀን በቃዳ፣ ወይም በገመድ ሲለካ 62 ሜትር ተኩል።

እኔ ቀን ከመቁጠር ገመድ መለካትን እመርጣለሁ። በቀን ሲሆን አንዱ 3 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ሌላው ሕፃን ልጁን ይልካል፣ ሦስተኛው ዶማውን ተደግፎ ይውላል፤ ተቆጣጣሪው ሁሉንም መጣላት አለበት። በገመድ ሲሆን ማን መጣ አይባልም፤ መበለቷ ወንድሟን ትላክ፣ ሽማግሌው በቀን ሠራተኛ ያሠራ፣ የተሰጠው ርዝመት ተጠርጎ ይታያል። ችግሩ ሜትር ሁሉ እኩል አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ሦስት ሰዎች፣ ከየክፍሉ አንድ፣ ቦዩን ከዳር ዳር ይሂዱና ለስላሳውን ሜትር አንድ፣ ድንጋያማውንና የተናደውን አንድ ተኩል ወይም ሁለት አድርገው ይቁጠሩ፤ ከዚያ በየ1 ቃዳ ድርሻ ችካል ይትከሉ። ዕጣው እዚህ ላይ ይገባል፦ ድርሻዎቹ ቁጥር ይሰጣቸውና ጠጠር ይጣላል፤ መዳቢዎቹ ግን ሌላው ሁሉ ካነሣ በኋላ የተረፈውን ይወስዳሉ። ማን ምን እንደሚደርሰው ሳያውቅ የሚመድብ ሰው ድንጋዩን በአግባቡ ይቆጥራል።

ግዴታው የሚጻፈው በሰው ስም ሳይሆን በማሳው ነው። መሬቱ ለእኩል አራሽ ከተሰጠ በዚያ በጋ ማሳውን የያዘው ይጠርጋል፤ አለበለዚያ ባለመሬቱ አራሹን፣ አራሹ ባለመሬቱን እያሳየ ችካሉ ሳይነካ ኅዳር ያልቃል። ማኅበር መሥርቶ ደንቡን ማጽደቅ ለሚፈልግ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 መንገዱን ከፍቷል።

አንድ ከባድ ስሕተት ቀርቷል። ኅዳር ላይ ወንዙ ሞልቶ ሲታይ ሁሉም ያለውን መሬት ሁሉ ይዘራል። መጋቢት ላይ 15 የነበረው ሊትር 9 ይሆናል። ያን ጊዜ ሰዓቱ በዚያው ይቆይ ቢባል ማሳው አይረካም፤ በቃዳ በአማካይ 5 ሰዓት ይሁን ቢባል ዙሩ 10 ቀን ይሆናል። ውሃውን ለሁለት ሰው እኩል ሰንጥቆ መልቀቅ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ በሰከንድ 4.5 ሊትር የአፈር ቦይ ውስጥ እየሰረገ መንገድ ላይ ያልቃል። የሚሻለው የሚዘራውን መሬት በመጋቢቱ ውሃ መወሰን ነው። 9 ለ15 ሲካፈል 0.6 ነው፤ ከ48ቱ 29 ቃዳ ያህል ብቻ ውሃ የሚወድ ሰብል ይዘራበት፣ እያንዳንዱ ቤትም ከመሬቱ 0.6ውን ብቻ እንዲህ ባለ ሰብል ይያዝ። ቀሪው ቀድሞ የሚደርስ ሰብል ይያዝ ወይም ይደር። ያለፈውን ዓመት የመጋቢት ልኬት የጻፈ ሰው ከሌለ ዘንድሮ ይጻፍ።

ተራ መለዋወጥ ይፈቀድ፣ ግን በሁለት ዙር ውስጥ ይመለስ። ታኅሣሥ ላይ የተበደረ 3 ሰዓት 162 ሜትር ኩብ ነበር፤ መጋቢት ላይ በ9 ሊትር ሲመለስ 97 ነው። ወንፈልም እንዲሁ ነው፤ የአጨዳ ቀን በአጨዳ ቀን፣ የአረም ቀን በአረም ቀን ካልተመለሰ ቁጥሩ እኩል ሆኖ ሰው ይከስራል።

መዝገቡ ስድስት ዓምድ ይበቃዋል፦ የማሳ ቁጥር፣ ቃዳ፣ ክፍል፣ የተራ ርዝመት በሰዓትና በደቂቃ፣ የጠረጋ ድርሻ ከችካል እስከ ችካል፣ ብድር። ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ ከውሃ አባቱ ዘንድ፣ አንዱ ከላይኛው ክፍል፣ አንዱ ከታችኛው። የታችኛው ቅጂ በእርሳስ አይጻፍ።